ውሻችንን ምንና መቼ እናጉርሰው?

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓልና ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር








ከእኔ በፊት የቀረቡት ተናጋሪዎች ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። እኔ የምናገረው ስለ ውሻ ነው። ርዕሱን ለኮሚቴው ሳቀርብ አንድ አባት "ልጄ፣ ስለ በሬ የሚነገረው አልቆ ነው ወይ ወደ ውሻ የወረድከው?" ብለውኝ ሁላችንም ስቀናል። እኔም "አባባ፣ ስለ በሬም ጭምር ነው የምናገረው፣ ታግሠው ይስሙኝ" አልኳቸው። ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስላየኋቸው ቃሌን መጠበቅ አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቀበሌ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ከወረዳ መጣ። መዝጋቢው እኔ ነበርኩ። ሕዝቡም በጥሪያችን መሠረት ወጥቷል፤ ውሾቹ ግን አልያዝ አሉ። ጌታው ሲጠራው ውሻው ይሸሻል። ልጆች ድንጋይ ይዘው ከኋላ ያሯሩጡታል። አንዱ አንገቱ በገመድ ታንቆ እየተጎተተ መጥቶ፣ መርፌውን ሲያይ ባለሙያውን ሊነክስ ተወረወረና ገመዱን በጥሶ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። እስከ ቀትር የተከተቡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ክትባቱ ሙቀት እንዳያገኘው ባለሙያው የተረፈውን ይዞ ተመለሰ፤ እኔም በመዝገቤ ላይ ከብዙ አባወራዎች ስም አንጻር "ውሻው አልተያዘም" ብዬ ጽፌ መዝገቡን ዘጋሁ።

ከአራት ወር በኋላ ከእነዚያ ውሾች አንዱ አበደ። የገዛ ጌታውን የስምንት ዓመት ልጅ ክንዷን ነከሳት፤ በዚያው ዕለት ጎረቤት በረት ገብቶ አንድ የእርሻ በሬ አፍንጫው ላይ ነከሰ። ልጅቷ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ተወስዳ ተከታታይ መርፌ በመውሰዷ በሕይወት አለች፤ ዛሬ ትምህርቷን እየተከታተለች ነው። አባቷ ለመመላለሻና ለማረፊያ ሲሉ ሁለት በጎች ሸጠዋል። በሬው ግን ከሳምንታት በኋላ ምራቁን እያዝረበረበ፣ ድምፁ ተዘግቶ እያጓራ ሞተ። ባለቤቱ በዚያ ክረምት ያረሱት በልመና በሬ ነው። ያ የእጅ ጽሑፌ እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ አለ፤ መዝገቡን በገለጥኩ ቁጥር አየዋለሁ።

እንግዲህ ስለ በሬ የተናገርኩት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ውሻ ለምን አይያዝም ብዬ ራሴን የጠየቅኩት። ውሻችን ሲጠራ ምን ያገኛል? ተጠርቶ ሲመጣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ይመታል፣ ወይ "ሂድ ከዚህ!" ተብሎ ይባረራል። ሳይጠራ ሾልኮ ጓዳ ሲገባ ግን ቂጣም ቅልጥምም ያገኛል። መጥራታችን ቅጣት፣ መስረቁ ሲሳይ ከሆነበት ቢሸሸን ምን ያስገርማል?

ስለዚህ ዛሬ ለመናገር የመረጥኩት ስለ ጉርሻ ነው። ጉርሻን የምናውቀው በማዕድ ዙሪያ የፍቅር መግለጫ አድርገን ስለሆነ ቃሉን ለውሻ በመጠቀሜ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተሻለ ቃል ግን አላገኘሁም። ጉርሻ የምለው ከዕለት ምግቡ ውጭ፣ በእጅ፣ በትንሹ፣ በምክንያት የሚሰጠውን ነው።

ውሻ ጉርሻን አጥብቆ የሚወደው ለምንድን ነው? የውሻ ዘር የመጣው ከተኩላ ነው። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት እንዳለፈው ከመሬት ተቆፍረው የወጡ አጥንቶች ያስረዳሉ። ይህም ማለት በግና በሬ ከመላመዳቸው በፊት ውሻ ከእኛ ጋር ነበር። ተኩላ አድኖ የሚበላ እንስሳ በመሆኑ ባገኘ ቀን እስኪጠግብ ይበላል፣ ካላገኘ ደግሞ ለቀናት ሆዱ ባዶውን ይሰነብታል። ስለዚህ የተገኘን ነገር ፈጥኖ መዋጥ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። የእኛም ውሻ ጉርሻውን ሳያላምጥ ዋጥ አድርጎ እንደገና ዓይን ዓይናችንን የሚያየው ይህንኑ ወርሶ ነው።

ደግሞም ውሻ ምግብን የሚያደንቀው ከምላሱ ይልቅ በአፍንጫው ነው። በሰው ምላስ ላይ ጣዕም የሚለዩ 9 ሺህ ያህል ጥቃቅን እብጠቶች ሲኖሩ በውሻ ምላስ ላይ ያሉት 1,700 ያህል ብቻ ናቸው። በማሽተት ግን ከእሱ ጋር መወዳደር አይታሰብም። ጉርሻ ውድ ነገር መሆን የለበትም የምለውም ለዚህ ነው። መረቅ የነካ ቂጣ ሽታው ስለሚጠራው፣ ለእሱ ከደረቅ ቂጣ እጅግ የተለየ ነገር ነው።

ቂጣና እንጀራ መብላቱም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በስዊድን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች ለመፍጨት የሚያገለግለው ዘረመል በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ እንዳለው፣ በውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ውሻ ከገበሬ ጋር ሲኖር ሆዱም አብሮ ገበሬ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ነገር የመጠበቅ ደስታ ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት የምግብ መፈጨትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ሰው በላቦራቶሪው ያሉት ውሾች ምግቡ ገና ሳይቀርብ፣ ምግብ የሚያመጣላቸውን ሰው ሲያዩ ብቻ ምራቃቸው መፍሰስ እንደሚጀምር አስተዋለ። እናቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል፤ የመሶብ ክዳን ኮሽ ሲል ከደጅ የተኛው ውሻ ብድግ ይላል። ለውሻው የክዳኑ ድምፅ ራሱ የምግቡ መጀመሪያ ሆኗል። እንግዲህ የክዳን ድምፅ ይህን ያህል ከሠራ፣ ስሙን ስንጠራው ለምን እንዲሁ አይሆንም?

ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። እኔ ከሥራዬ ያየሁት ደግሞ፣ ውሻ ምን ሲያደርግ እንደበላ ያስታውሳል፤ ያንኑም ይደጋግመዋል። በምግብ ሰዓት እያላዘነ ሲያስቸግረን ዝም እንዲል ብለን ቁራሽ ብንወረውርለት፣ ለማላዘኑ ደመወዝ ከፈልነው ማለት ነው፤ ነገ ከዚህ የባሰ ያላዝናል። ተጠርቶ ሲመጣ ብናጎርሰው ደግሞ ለመምጣቱ ከፈልነው። ዋናው ጊዜው ነው። እኛ የማኅበር አባላት የትርፍ ክፍፍላችንን እስከ ዓመት ድረስ እንጠብቃለን፤ ውሻ ግን ከሁለት ሰከንድ በላይ አይጠብቅም። ከዚያ ከዘገየ ለየትኛው ሥራው እንደተከፈለው አያውቅም።

በሚቀጥለው የክትባት ዘመቻ ይህን ለመሞከር ወሰንን። ክትባቱ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፈቃደኛ አባወራዎችን በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላችን ሰብስበን ተነጋገርን። ሥራው ቀላል ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ውሻውን በአንድ ስም ይጠራዋል፤ በመጣ ቁጥር የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቁራሽ በእጅ ይሰጠዋል። ሲለምድ አንገቱን እየነኩ ያጎርሱታል። ከዚያ ገመዱን አንገቱ ላይ ጣል ያደርጉና ያጎርሱታል፤ ወዲያው ያወልቁለታል። ቀጥሎ በገመድ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል። በመጨረሻ የአንገቱን ቆዳ ጨበጥ አድርገው ይለቁታል፤ መርፌ ሲወጋ የሚሰማው ያንን የመሰለ ነገር ስለሆነ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ዱላ የለም፣ መጎተት የለም። ከፈራ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው።

ከሁሉም የበለጠ የተሳካላቸው ልጆች ነበሩ። አምና ድንጋይ ይዘው ያባርሩ የነበሩት ልጆች ዘንድሮ ኪሳቸው ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይዘው ውሻ አስተማሪ ሆኑ። እርግጥ ይህ በአዋቂ ፊትና ለገዛ ቤታቸው ውሻ ብቻ ነው፤ የማያውቁትን ውሻ እንዳያጎርሱ ማስጠንቀቅ አለብን። በክትባቱ ቀን ሁሉም ውሻ መጣ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ነገር ግን ከተለማመዱት አብዛኞቹ በገዛ እግራቸው ጅራታቸውን እየቆሉ መጥተው፣ ከመርፌው በፊትም በኋላም ጎርሰው ሄዱ። ባለሙያው "ዛሬ መከተብ ሥራ ሳይሆን ግብዣ ሆነ" አለኝ።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ ባልጠበቅኩት መንገድ ያየሁትን አንድ ጥቅም ልጥቀስ። በየቀኑ የሚጎርስ ውሻ ጤናው በየቀኑ ይመረመራል ማለት ነው። ሲጠራ የሚሮጥ የነበረው ጉርሻውን ትቶ ጥግ ከያዘ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ምራቁ ከተዝረበረበ ወይም ያለ ጠባዩ ከተቆጣ፣ ሌላው ሰው ሳያውቅ እኛ እናውቃለን። በዚህ ጊዜ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ አደራ እላለሁ። ከሰውና ከከብት ለይታችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ማንኛውም ሰው ከተነከሰ ወይም ቁስሉን ከተላሰ፣ ቦታውን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጠበሉም ጸሎቱም በእምነታችን ቦታ አላቸው፤ ከመርፌው ጋር እንጂ በመርፌው ፋንታ አይሁኑ።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ ልምጣ። በስብሰባችን ላይ አንድ የማኅበራችን መጋዘን ጥበቃ ተነሥተው "ጉርሻ የለመደ ውሻ ሌባም ያጎርሰዋል፤ መጋዘኑን አስከፍተህ ልትሰጥብን ነው ወይ?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሌባ በሥጋ ውሻን ማባበሉ፣ ባስ ሲልም መርዝ ማብላቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ሌባ በቀላሉ የሚያጠምደው የተራበውን ውሻ ነው። ውሻ እንዲቆጣ ተብሎ እየተራበ የሚያድርበት ልማድ አለን፤ ይህ ልማድ ውሻውን ጨካኝ ሳይሆን ለሚያጎርሰው ሁሉ የሚሸጥ ያደርገዋል። ስለዚህ የጥበቃ ውሻ ከመምሸቱ በፊት ጠግቦ ይብላ። ጉርሻውንም የሚሰጡት ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ከመሬት ላይ ሳይሆን ከእጅ፣ "እንካ" ከተባለ በኋላ ብቻ እንዲወስድ ይልመድ። ሳይባል አፉን ሲያቀርብ እጅን ጨብጦ መጠበቅ ነው፤ አፉን ሲመልስ "እንካ" ብሎ መስጠት። እኚያው ጥበቃ ይህን በትዕግሥት ሠርተውበታል። መርዝን መቶ በመቶ ይከላከላል አልልም፤ ከተራበ ውሻ ግን ይሻላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ጉርሻ ከዕለት ምግቡ አንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም፤ ምግቡንም አይተካም። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አትስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር እየተሰበረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ይህን ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ የሚብስ ጉርሻ አለ፤ እሱም በበዓል ቀን ከእርድ ላይ የምንወረውርለት ነው።

እንደሚታወቀው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከብዙዎቻችን ቤት ሥጋ አይገባም፤ ውሻውም አብሮ ጾመኛ ነው። ፋሲካ ሲደርስ በጉ ይታረዳል፤ ውሻውም ከቢላዋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት እናይና "ይህ ለሰው አይሆንም" ብለን ለውሻው እንወረውራለን። ያ ከረጢት የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል እጭ የያዘ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው እጩ በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ ዕንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር በግቢያችን፣ በሣሩና በጓሮ አትክልታችን ላይ ይበተናል። በግና ከብት ከሣሩ ጋር ይበሉታል። ልጆቻችን ውሻውን ዳብሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ ሲቆርሱ እነሱም ይውጡታል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። በሀገራችን ቄራዎች በሥጋ ምርመራ ወቅት ሳንባና ጉበት እንዲወገድ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ለሰው የማይሆነው ለውሻም አይሆንም ማለት ነው፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ሰው ስለሚመለስ። ከረጢት ያለበት ሥጋ ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ውሻው ከበዓሉ ይካፈል ከተባለ፣ ንጹሑ ሥጋም ቢሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ ከተቀቀለ በኋላ ይሰጠው። ባለሙያ የሚያዘው ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል ኪኒንም የሚዋጠው በጉርሻ ውስጥ ተደብቆ ነው፤ በግድ አፉን ፈልቅቆ ማዋጥ ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

በሽታን በጉርሻ ማሸነፍ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1978 የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ ተደርጎ ለዱር ቀበሮዎች ተበትኖ ነበር። በሀገራችንም በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ 500 እንኳ የማይሞላው፣ ከአካባቢው ውሾች በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሣው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ጠፍተዋል። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ባለሙያዎች ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርገው በፈረስ እየተጓዙ ለቀበሮዎቹ ማደል ጀምረዋል። እነዚያ ቀበሮዎች የተጎዱት ባልተከተቡ ውሾች ምክንያት መሆኑን ልብ እንበል። በነገራችን ላይ በእኛ ወረዳ የሚሰጠው ክትባት የመርፌ ነው፤ በሥጋ ቢሰጥ አይሠራም። የእኛ ጉርሻ ውሻውን እስከ መርፌው ለማድረስ ብቻ ነው።

በሽታው በአንድ አካባቢ እንዳይዛመት ከውሾቹ መቶ ሰባው መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። እኛ እዚያ አልደረስንም። ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ማዳበሪያ በሚያከፋፍልበት ቀን ስለ ውሻ ክትባት ለአባላቱ እንዲያስታውቅ። ሁለተኛ፣ የወረዳ አመራሮቻችን የክትባቱን ቀን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲነግሩን፤ ውሻ በአንድ ቀን ማስታወቂያ አይሠለጥንም። ሦስተኛ፣ የእርድ ተረፈ ምርት የሚቀበርበት ጉድጓድ በየገበያው አጠገብ እንዲቆፈር፤ ለጉልበቱ እኔም አካፋዬን ይዤ እመጣለሁ።

በእኔ ቀበሌ የሚቀጥለው ክትባት የሚሰጠው በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። ገመድ አምጡ፤ ቁራሽ ቂጣም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ያንኑ መዝገብ ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ።